ስለ ባለወናፉ ካሚዮን ጥምና ስለ ታሰረው ነጂ

መቀሌ፣ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ከፋለ ወልደአማኑኤል
የጨው ማመላለሻ ካሚዮኖች ሹም

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችልም የሚያነብለት ጎረቤት ላለው

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቅሎዎ ደኅና ናችሁን? እኛ አገልጋዮችዎ ከእህቴ ልጅ ከነጂው ከደመላሽ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እርሱን ግን ቤንዚን ሰርቀሃል ብለው ወህኒ ስላስገቡት፣ ጤናውን የምንጠይቀው በዘበኛ በኩል ነው።

ይህን ለብቻዎ መጻፍ ሲገባኝ በአደባባይ ያደረግሁት፣ ለብቻዎ የጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ጠረጴዛዎ ላይ በሰላም ስላንቀላፉ፣ እነርሱን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ወናፉ አመሰግናለሁ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ያ ካሚዮን ጨው ጭኖ የአላጌን ዳገት ሲወጣ ያለከልክ ነበር፤ ቤንዚን ግን በልኩ ይጠጣ ነበር። እርስዎ አዘኑለትና፣ ከሌላ ትልቅ ሞተር ላይ የተፈታ፣ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር ወደ ሞተሩ የሚግት ዕቃ እንዲገጠምለት አዘዙ። እኛ ወናፍ የምንለው ይህን ነው። መካኒኩ ይማም፣ ጌታዬ፣ ይህ እኮ ለጎረቤት የተሰፋ ሱሪ ነው ቢልዎ፣ ታዲያ ቀበቶ ጨምርበታ ብለው መለሱለት፤ እርሱም በሽቦና በቆርቆሮ ጠፍሮ አሰረው። አየር ሲበዛ ቤንዚንም ይብዛ ተብሎ የቤንዚኑ ቀዳዳ ሰፋ። አሁን አየሩ በማሰሪያው ስንጥቅ እያፏጨ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ቤንዚኑ ግን እንደ ታዘዘው ይገባና ሳይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቍሓ ሴቶች የካሚዮኑን ድምፅ ሲሰሙ ያጠቡትን ነጠላ ከገመድ ማውረድ ለምደዋል። እርስዎ ጭሱን አይተው የጉልበት ምልክት ነው ስላሉ፣ እኛም ጉልበቱ እስኪመጣ እየሳልን እንጠብቃለን።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ሞተሩን ትተው ደመላሽን ስለመረመሩ አመሰግናለሁ። ሞተር መፍታት እጅ ያቆሽሻል፤ ሰው ማሰር ግን በንጹሕ እጅ ይቻላል።

ሦስተኛው ስለ ፈተናው ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታዎን እለምናለሁ። እውነቱ እንዲገለጥ ብለው፣ ካሚዮኑ በሌላ ነጂ እጅ፣ እርስዎም ከጎኑ ተቀምጠው፣ ከመቀሌ ቍሓ ደርሶ እንዲመለስ አዘዙ። የደመላሽ እናት፣ እህቴ የትምወርቅ፣ ሹሙን በክብር ከተቀበልናቸው ልጄን ይምሩልኛል ብላ ሰፈሩን ሁሉ አስተባብራ ከዳገቱ ሥር ጠበቀችዎ። የተከበረ እንግዳ ዳገት ላይ ሲቸገር ቆሞ ማየት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ካሚዮኑ ገና ማቃሰት ሲጀምር በእልልታ ተከበበ፤ ሽማግሌው ከዘራውን ጥሎ፣ ጨው ተሸካሚው ሸክሙን አውርዶ፣ ከኋላ እየገፉ ከፊት በገመድ እየጎተቱ እስከ ዳገቱ አናት አደረሱዎ። እርስዎም በመስኮቱ እጅዎን እያወጡ፣ በርቱ ልጆቼ፣ በርቱ ይሉ ነበር። መመለሻው ቍልቍለት ስለሆነ ካሚዮኑ ሞተሩ ጠፍቶ እየተንከባለለ ገባ። ከዚያ የቀረው ቤንዚን ሲለካ የጎደለው ከምንም የማይቆጠር ሆነ። እርስዎም፣ ይኸው፣ ካሚዮኑ ንጹሕ ነው፣ ሌባው ነጂው ነው ብለው ፈረዱ።

ልጇን በገዛ ትከሻዋ ገፍታ ወህኒ እንዳስገባችው ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም። ግን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ከፈተናው ቀን ወዲህ ቀኝ ትከሻዋን ማሸት አልተወችም።

ልመናዬ አጭር ነው፦ ካሚዮኑ ጨው ተጭኖ፣ ማንም ሳይገፋው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዳገት ይውጣ። እንደማያደርጉት አውቃለሁ። ወናፉ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ማን አስገጠመው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ደመላሽ ወህኒ እስካለ ድረስ ግን ማንም ይህን አይጠይቅም። ይህን አርቆ አሳቢነትዎንም ከልብ አደንቃለሁ።

ዕድሜና ሹመት እንዲበዛልዎ እየተመኘሁ፣ የካሚዮንዎ ጭስ ከደረሰበት ስፍራ ሁሉ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርሁና ምናልባትም ስለዚህ ይሉኝታ ያልተማርሁ፣

የደመላሽ አጎት፣ ታመነ

ይድረስ ከተባለ በኋላ የተጨመረ፦ በፈተናው ዕለት የነዳልዎና በደመላሽ ምትክ የተሾመው ጀይሉ፣ ጨው ጭኖ ማይጨው ደርሶ ሲመለስ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ስላለቀበት፣ እርሱም በሌብነት ተይዞ ትናንት ከደመላሽ ጎን አንጥፎ ተኝቷል። ካሚዮኑ ነጂ አጥቶ ቆሟል። ከቆመ ወዲህ አንድ ጠብታ ቤንዚን አልጎደለምና፣ ሌቦቹን አንድም ሳያስቀሩ ስለያዙ እንኳን ደስ ያለዎት።