አንቺ ያረምሽው ዘፈን

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽን እስማለሁ። ለመሆኑ እሱ ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? ደረጃ ላይ እንደሚያስቸግርሽ ትንሿ እህቴ ነግራኛለች፤ አንቺ ግን በስልክ «ምንም አልል» እያልሽ ትሸነግይኛለሽ። እንቅልፍሽስ? ዓይንሽስ? እኔ ተመስገን ነው፤ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

እማዬ፣ አልበሙ አለቀ! አሥራ አንድ ዘፈን፤ ግጥሙም፣ ቅንብሩም፣ ቀረጻውም የኔው። ስቱዲዮ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ብርድ ልብስ የለጠፍኩበት ቁም ሳጥን ነው። ገብቼ ራፕ ሳደርግ ቆይቼ ላብ በላብ ሆኜ እወጣለሁ። ከበሮ የሚመስለው ድምፅ ደግሞ የምሠራበት ጎሚስታ ቤት ቸርኬ ሲቀጠቀጥ በስልኬ የቀዳሁት ነው። አለቃዬ መጀመሪያ «ይሄ ልጅ ለየለት» ብሎ ነበር፤ አሁን ለደንበኛው ሁሉ «ይቺ የኔ ቸርኬ ናት» እያለ ያሰማል።

ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ። የሰው ልብስ እያጠብሽ እንዳሳደግሽን የሚናገረውን ዘጠነኛውን ዘፈን ታላቄ ሲሰማ፣ «የቤታችንን ገመና አደባባይ ልታወጣው ነው?» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሁለት ወር ሙሉ አላነጋገረኝም። ያለዚያ ዘፈን አልበሙ አልበም አይሆንልኝም፤ አንቺን የሚያሳፍርሽ ከሆነ ደግሞ ይቅርብኝ። ስለዚህ ያንቺን ቃል ሳልሰማ ላላወጣው ወስኜ ለትንሿ ላክሁላት።

አንቺ ደግሞ ሁለቴ አስደግመሽ ሰምተሽ፣ «አራት ቤት አይደለም ያጠብኩት፣ ስድስት ቤት ነው፤ ያስተካክል!» አልሽ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ስንቆራጠጥ፣ አንቺ የጎደለብሽን ሁለት ቤት ትጠይቂኛለሽ! ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ቁጥሩ ሲለወጥ ግን ስንኙ አልገጥም ብሎ አንድ ሳምንት አሳሬን አበላኝ።

ባለፈው እሑድ የታረመውን ለታላቄ ላክሁለት፤ እናታችን ያለችው ይሄ ነው ብዬ። ወዲያው ደወለ። ስድብ ጠብቄ አነሳሁት። «የስድስቱንም ቤት ልብስ ተሸክሜ የማመላልሰው እኔ አልነበርኩም? ታዲያ እኔ የት አለሁ?» አለኝ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ አፍሮ ነበር። የባሰ ያስከፋው ግን መረሳቱ ነው። እኔም አፈርኩ።

የአልበሙ ጌታ እኔው ነኝና ማንንም ሳላስፈቅድ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተመልሼ ገባሁ፤ አራት ስንኝም ጨመርኩለት። ዛሬ ጠዋት አልበሙ ወጣ። ታላቄ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ድምፁን ለቆት ለባልደረቦቹ ሲያሰማ የተቀረጸ ቪዲዮ ላከልኝ። የሱ ስንኝ ሲደርስ ብድግ ብሎ፣ «ይሄ እኔ ነኝ፤ አጣቢዋ ደግሞ እናቴ ናት!» እያለ ይጮሃል።

ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አክስቴን «ጥርስሽ ተሻለሽ ወይ?» በያት። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «ስድብ የሌለበት ራፕ አለ እንዴ?» ብሎኝ ነበር፤ አለ በይው። ታላቄን ግን እንዳትስሚልኝ፤ እሱን ራሴ መጥቼ ነው አንገቱን አንቄ የምስመው።

ልጅሽ
ከጎሚስታ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 14 ቀን