«መጀመሪያ ግዛ»

ሰኞ፣ ጁን 3
የዶሮው ጥብስ ዛሬም ከቀትር በፊት አለቀ። ሆስፒታል ፊት ለፊት ምግብ ቤት መክፈት ጥሩ ነው፤ አስታማሚ መቼም ይርበዋል። ዋይፋዩም ሰው ይስባል። የይለፍ ቃሉ ባለቤቴ ያወጣው ነው፦ «ቤሊዱሉ»፣ በቋንቋችን «መጀመሪያ ግዛ» ማለት ነው። ሰው ቃሉን ሲጠይቀኝ «መጀመሪያ ግዛ!» እላለሁ። ክው ይላል። ከዚያ ቃሉ ራሱ እሱ መሆኑን ስነግረው አብረን እንስቃለን። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይሄን ቀልድ አይጠግበውም ነበር።

ረቡዕ፣ ጁን 5
ቀትር ላይ አንድ ሽማግሌ መጡ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘዋል። «ልጄ፣ የዋይፋዩን ቃል ትነግሪኛለሽ?»
«መጀመሪያ ግዛ!» አልኩ፣ ዓይኔ ዘይቱ ላይ እንዳለ።
«እሺ... ይቅርታ።» ዞር ስል የሉም።
ቀልዱ አልገባቸውም ይሆን? ይመለሳሉ ብዬ ነበር...

ሐሙስ፣ ጁን 6
ነርሷ ሄርማያንቲ ለምሳ መጣች። እንደ አገሩ ወግ እኔን «ኢናቅ»፣ እናት፣ ሽማግሌን «አማቅ»፣ አባት፣ ብላ ነው የምትጠራው።
«ኢናቅ፣ አማቅ ሳህኑን የሚባሉትን ሽማግሌ ምን አልሻቸው?»
«የቱ አማቅ?»
«ስልካቸው የተሰነጠቀው። ሚስታቸው ቅዳሜ ሆዷን ኦፕራሲዮን ትሆናለች። ልጃቸው ማሌዥያ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ስልክ የምትይዘው ቀትር ላይ ብቻ ነው። እናትየው የልጄን ፊት ሳላይ ኦፕራሲዮን አልገባም ብላለች። ትናንት ስትጠብቅ ዋለች።»
«ታዲያ ሰውየው ምን አሉ?»
«‹ሴትዮዋ ካልገዛህ አይሆንም አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ንግድ ነው› አሉ።»
እውነቷን ነው! ምነው በሰደቡኝ። ደግሞስ «ግዛ»? በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው? ስንቱ የገጠር ሰው ይሆን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ የወጣው...
የባለቤቴን ወንድም ፋቶኒን ጠራሁት። ኔትወርክ መዘርጋት ሥራው ነው።
«ቃሉን ‹እንኳን ደህና መጡ› እናድርገው፣ እትዬ?»
«እሱንም መጻፍ የሚያቅተው አለ። ጭራሽ አንሳው።»
«ሰፈሩ ሁሉ ፊልም ያወርድበታላ!»
«እሱን አንተ ገድበው። ወንድምህ ቢኖር ይሄኔ ጨርሶ ነበር።»
አጉረመረመ... ግን ሠራው። የሂሳብ ማሽኑን መስመር ለብቻ፣ የእንግዳውን ለብቻ አደረገ። ለእያንዳንዱ ስልክ ልክ አበጀለት። የዋይፋዩን መሣሪያ ከማቀዝቀዣው ጀርባ አውጥቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ስሙን «ይግቡ ይደውሉ» አልነው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ። በርታልኝ፣ ፋቶኒ።

ዓርብ፣ ጁን 7
ሄርማያንቲ እናትየዋን በተሽከርካሪ ወንበር መንገዱን አሻግራ አመጣቻት። አማቅ ሳህኑን በር ላይ ቆሙ። «መጀመሪያ ሙዝ ጥብስ ልግዛ፣ ልጄ።»
መሬት በዋጠኝ! «አባቴ፣ ቀልድ ነበር... ይቅር በሉኝ» አልኩና ነገሩን አስረዳኋቸው። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ነካሁ፣ ገባ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የልጅቷ ፊት መጣ።
እናትየው መጀመሪያ ያለችው... «ምነው ከሳሽ? አይመግቡሽም?»
ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔም በበርበሬው አሳብቤ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጁን 9
ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። አልሐምዱሊላህ። አልሐምዱሊላህ።

ሐሙስ፣ ጁን 13
አማቅ ሳህኑን አሁን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የራሳቸው ሆኗል። ዛሬ አንድ ወጣት ሐኪም ገባና ጮክ ብሎ «የዋይፋዩ ቃል ምንድን ነው?» አለ።
አፌን ሳልከፍት አማቅ ቀደሙኝ። «መጀመሪያ ግዛ!»
ሐኪሙ ክው አለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ቃል የለውም፣ ልጄ። ዝም ብለህ ግባ።»
ልክ እንደ ባለቤቴ... ሳቁም ሳይቀር። እኔ ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ያን ቃል ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። አማቅ ቀልዱን መለሱልኝ።