አፌ የጣለው ስምሽ

ይድረስ ለአንቺ፤

እዚህ ላይ ስምሽን መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም፤ ጠፍቶኝ ነው። ይህን ለሰው አላወራውም፤ ለአንቺ ግን ከመጀመሪያው ልናገር።

ከተለየሽን አሥር ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ከዚህ ውስጥ ስድስቱን ወር ስምሽን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ፊትሽን አውቃለሁ። አረማመድሽን አውቃለሁ። ሳልሽን ከመቶ ሰው ሳል እለያለሁ። ሳቅ ሲመጣብሽ አፍሽን በነጠላሽ ጫፍ እንደምትሸፍኚ፣ ስትቆጪ ዝም ብለሽ የታጠበ ዕቃ እንደገና እንደምታጥቢ፣ ሁሉም አለ። ስምሽ ጋ ስደርስ ግን እግሬ መሬት ያጣል። በጨለማ ደረጃ አለ ብለሽ ስትረግጪ እንደሌለው ዓይነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንቺን በቀበርን በአምስተኛው ወር መግቢያ፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጆጉን ሳነሳ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እኔም ተከትዬው ወደቅኩ። ቀኝ ጎኔ ከዳኝ፣ አፌም ተጣመመ። ልጅሽ ስንዱ ጎረቤት ጠርታ በቃሬዛ ሆስፒታል አስገባችኝ። የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ። ሁለት ሳምንት አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። መጀመሪያ «ውሃ» መጣ። ቀጥሎ «ስንዱ»። ሦስተኛው ስድብ ነበር፤ እጄን በሚያሸው ድሬሰር ላይ ነው ያረፈው። እሱ ደስ ብሎት «ጎሽ አባባ፣ እስቲ ይድገሙት!» አለኝ። የባሮ ወንዝ ዓሦች ስም ተመለሰ። የሞተው ውሻችን ስም ሳይቀር ተመለሰ። ያንቺ አልመጣም።

መጀመሪያ ሰሞን ስንዱ ነገረችኝ። ደጋግሜ አልኩት። ምሳ ሳንበላ ጠፋ። በማግሥቱም ነገረችኝ፤ እንደዚያው ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ከእንግዲህ ማንም እንዳይነግረኝ ብዬ ከለከልኩ። መታወቂያሽንና የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽን ሳጥን ውስጥ አስቆልፌ ቁልፉን ለስንዱ ሰጠሁ። ግትርነትህ አለቀቀህም ትይኛለሽ። ይሁን። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ስምሽን በየጠዋቱ ከልጄ አፍ የምለቅም ሰው አይደለሁም።

ደግሞ በቀብርሽ ዕለት አንድ ነገር ተናግሬያለሁ፤ አንቺ አልሰማሽም። ለሙት ዓመቷ መቃብሯ ላይ ሲሚንቶ አስፈስሳለሁ፣ ሳይደርቅ ስሟን በገዛ እጄ እጽፋለሁ አልኩ። ቄሱም ዕድርተኛውም ሰምተዋል። ግንበኛው ቀን ቆርጧል። ቀኑ እየመጣ ነው፣ ይኸውልሽ እኔ የምጽፈው የለኝም። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከበር እስከ ማንጎው፣ ከማንጎው እስከ በር ምርኩዜን እየጎተትኩ ስመላለስ ሣሩ ሞቶ መንገድ ወጣ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጦጣዎቹ ማንጎውን ሳይበስል ይጨርሱታል፤ አንቺን ነበር የሚፈሩት፣ እኔን ይንቁኛል። ከተማው ግን የምታውቂው አይደለም። ክልል ከሆንን ወዲህ በየመንገዱ አዲስ ሰሌዳ ይተከላል፤ ትናንት መጋዘን የነበረው ዛሬ ቢሮ ነው። አንዱ ቢሮ ኮምፒውተር አምጥቷል፤ ከሠራተኞቹ ቀድሞ ቬንትሌተር የተገዛው ለእሱ ነው አሉ። ስንዱ እንደ ድሮዋ ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ታስተምራለች። አንቺ እያለሽ ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄዳ አልነበር? እዚያ የተማረችውን አሁን በእኔ ራስ ላይ ታስተምራለች።

አንድ ቀን ወረቀት ላይ ክብ ክብ ሠራች፣ ክቦቹን በመስመር አገናኘቻቸው። «ይኸ ያንተ ጭንቅላት ነው አባዬ» አለችኝ። መረብ ነው እንጂ ምኑ ነው ጭንቅላት አልኳት። «ልክ ብለሃል፣ መረብ ነው» አለች። ጭንቅላት ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ አንዱ ለሌላው መልእክት ያቀብላል። ደጋግመው አብረው በሚሠሩት መካከል ያለው ክር ይጠብቃል፤ ያልተሠራበት ይላላል። ሰዎች ይህን አይተው በኮምፒውተር ውስጥ የሚማር መረብ ሠርተዋል። ከጭንቅላት የወሰደው ጥቂቱን ነው፤ ክሮቹም ክር አይደሉም፣ ቁጥር ናቸው። የሰው የእጅ ጽሑፍ ያሳዩትና ይኸ ምን ፊደል ነው ይሉታል። መጀመሪያ እንዲሁ ይገምታል፣ ይስታል። ምን ያህል እንደሳተ ይነገረዋል፤ በስህተቱ ልክ አንዱን ክር ጥቂት ያጠብቃል፣ ሌላውን ጥቂት ያላላል። እንደገና ይገምታል። ሺህ ጊዜ፣ አሥር ሺህ ጊዜ። በመጨረሻ አይቶት የማያውቀውን ሰው ጽሑፍ እንኳ ያነባል።

ሲሳሳት አያፍርም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «በምኑ ይፈር አባዬ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። መሠረተ ትምህርት ትዝ አለኝ።

አብረን ነበር የገባነው፤ አንቺ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ አውጥታኝ ፊደል ስስት ሰው ሁሉ ሳቀ። ባርኔጣዬን ደፍቼ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። ጀልባ ነጂ ነኝ፣ ባሮን የማነብ ሰው ፊደል ምን ይሠራልኛል አልኩ። አንቺ ግን ልብስ ልታጥቢ ስትወርጂ «ና ብርድ ልብሱን ጭመቅልኝ» ብለሽ ይዘሽኝ ወረድሽና፣ ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ እንጨት አስያዝሽኝ። ሌላው ትምህርቱን ከ«ሀ» ይጀምራል፤ አንቺ ከስምሽ ጀመርሽ። አንጓዬን ይዘሽ «አፍህ እንቢ ካለ እጅህ ይጥራኝ» አልሽኝ። ስሳሳት በባዶ እግርሽ ታጠፊዋለሽ፤ እንደገና። አንቺ ፊት አላፈርኩም ነበር። የምጽፈው ሁሉ፣ ይኸም በግራ እጄ የምሞነጫጭረው ደብዳቤ፣ ከዚያ አሸዋ የመጣ ነው።

ያን ያልሽውን ያኔ እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት። እኔ ያደግኩበት ቤት ባል ሚስቱን በስሟ አይጠራም፤ አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። በሰው ፊት ቅለት ይመስለኝ ነበር። «አንቺ» አልኩሽ፣ «ስሚ» አልኩሽ፣ ስንዱ ስትወለድ «የስንዱ እናት» አልኩሽ። አንቺም «ወይ» ትይኛለሽ። ጎረቤቱ በስምሽ ይጠራሻል፣ ገበያው በስምሽ ይጠራሻል፣ እኔ ብቻ አልጠራሁሽም። ስንዱ ያልተሠራበት ክር ይላላል ስትል ልቤ የወደቀው ለዚህ ነው። በሽታው መጥቶ የበጠሰው እኔ ያላላሁትን ነው። ይህን ለስንዱ ብነግራት ተቆጣች፤ በሽታ ነው፣ ከቃል ሁሉ ቶሎ የሚያመልጠው ስም ነው አለች። አላመንኳትም።

ሌላ ቀን ደግሞ ሳታስበው አንድ ነገር አመለጣት። ያ የማሽን መረብ አንዱን ነገር ከተማረ በኋላ አዲስ ነገር ብቻ ቢያስተምሩት የድሮውን ያጠፋዋል አለች፤ ክሮቹ እነዚያው ስለሆኑ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ድሬሰሩ ጨብጥ ብሎ የሰጠኝን የጨርቅ ኳስ እዚያው ጣልኩት። በስድስት ወር ስንት አዲስ ነገር ተማርኩ! በግራ እጅ መጉረስ፣ አዝራር መቆለፍ፣ በምርኩዝ መሄድ። ለካ ማንኪያ አያያዝ ስማር አንቺን እየፋቅኩ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ማሠራት ተውኩ። ድሬሰሩ መጣ፣ መለስኩት። ስንዱ ለመነችኝ፣ አለቀሰች፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። የተፈቱት ጣቶቼ መልሰው ይታጠፉ ጀመር።

እንዲህ እያለሁ ኦጁሉ መጣ። ያ በጀልባ ላይ አብሮኝ ያረጀው አኙዋኩ ወዳጄ፣ ዓሣ ሲያመጣ ሁልጊዜ ትልቁን ላንቺ የሚለየው። መረቡን ማንጎው ሥር ዘርግቶ እየጠገነ ለምን እጄን እንደማላሠራ ጠየቀኝ። ለእሱ ተናገርኩ። ከት ብሎ ሳቀ። «አንተ ሽማግሌ» አለኝ በዚያ በምታውቂው አማርኛው፣ «ወንዝ ውስጥ አሸዋ ሁሉ ታውቃለህ፣ ሚስት ስም አታውቅም? ቤት ቁጭ ብለህ ስም ይመጣል? ዓሣ ራሱ ቤት ይመጣል?» በምርኩዜ ልለው ፈልጌ ምርኩዙ ራቀኝ። እሱ መረቡን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «እይ፣ ስንት ዓይን ተበጥሷል። ትናንት ግን ዓሣ ይዟል።»

ስንዱ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ እጇን ሳትጠርግ ወጣች። ስምሽ እንደ ዕቃ አንድ ቦታ አልተቀመጠም፣ በመረቡ ሁሉ ላይ ተበትኖ ነው ያለው አለች፤ በአንድ በኩል ቢበጠስ በሌላ በኩል ይጎተታል። ማሽኑም ቢሆን አዲሱን ከአሮጌው እያቀላቀሉ ካስተማሩት አይረሳም። «ያንተ ጭንቅላት ከዚያ ማሽን ያንሳል እንዴ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ንዴቷ አንቺን ነው የሚመስለው።

እዚህ ድረስ ከጻፍኩ ብዙ ቀን አለፈ። አሁን የተረፈውን ልንገርሽ።

ባሮ በየክረምቱ አሸዋውን እንደሚያዛውር ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ጥልቅ የነበረው ለከርሞ ጀልባ ያስቀምጣል። ስንት ሰው እንዴት ታውቀዋለህ ብሎኛል፤ መልስ ኖሮኝ አያውቅም። ከማሰቤ በፊት እጄ መቅዘፊያውን ያዞረዋል። ኦጁሉ ከሄደ በኋላ እየተመላለስኩ ይህን አሰብኩና ቀጥ አልኩ። አፌ የማያውቀውን እጄ ሲያውቅ የኖረ ሰው፣ ስምሽን ስድስት ወር ሙሉ ከአፌ ላይ ለምን ፈለግኩት? አንቺ ያስቀመጥሽው እጄ ላይ ነው።

ስንዱና ኦጁሉ ደግፈው ወደ ወንዙ አወረዱኝ። ልብስ የምታጥቢበት ድንጋይ አለ፣ ሌሎች ሴቶች ያጥቡበታል። ከድንጋዩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ጣቶቼ እንጨቱን አልይዝ ሲሉ ስንዱ በሻሿ አሰረችልኝ። ራቅ በሉ አልኳቸው። አሰብኩ፤ ምንም። ጨነቀኝ፣ ተናደድኩ፣ አሸዋውን ወጋሁት። ከዚያ ማሰቡን ትቼ ወንዙን እያየሁ፣ እጅሽ አንጓዬን የሚይዝበትን ቦታ ብቻ አሰብኩ። ይሞቅ ነበር፣ ሳሙና ሳሙና ይል ነበር። እጄ ሄደ። ዝቅ ብዬ ሳይ «አ» ጽፏል። ያው የለመድኩት «አንቺ» መጣ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። እጄ ግን «ን» አልጻፈም። ወደ ሌላ ሄደ፣ አራት ፊደል ጨመረ፣ ቆመ።

እንደ ተማሪ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። በአፌ አልኩት። ኦጁሉ ከሩቅ ሰምቶ «እሷ ናት! እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ፤ የሚያጥቡት ሴቶች ዞር አሉ። ስንዱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ምሳ ሳይደርስ ጠፋ። አልዋሽሽም። ግን አላፈርኩም፤ በማግሥቱ ወረድኩ፣ እንደገና። በማግሥቱም። ኳሱን እጨብጣለሁ፣ ስምሽን እጽፋለሁ፤ አዝራር እቆልፋለሁ፣ ስምሽን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ቆየ፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ አሁን እኔ ሳልጠራው ራሱ ይመጣል።

ዛሬ ሲሚንቶው ፈሰሰ። ግንበኛው እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ «አባባ፣ የእኔ ጽሕፈት ያምራል፣ ልጻፍልዎት?» አለኝ። የመለስኩለትን አንቺ ታውቂዋለሽ። በሚስማር ጻፍኩት። «ለ» አሸዋ ላይ እንደወጣ ጀልባ ወደ ጎን ዘመመ። በማለስለሻው ሊያስተካክለው ሲል ምርኩዜን አነሳሁበት። ከዚያ ቄሱ፣ ዕድርተኛው፣ ኦጁሉም ባሉበት፣ በሙሉ አፌ በስምሽ ጠራሁሽ። ሠላሳ አምስት ዓመት ዘግይቼ።

ልቤ አልተረጋጋም። ያ በሽታ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብለውኛል። ስለዚህ ቃሌ ይኸ ነው፤ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ በየጠዋቱ ከበር እስከ ማንጎው እየሄድኩ ጎረቤት እስኪሰማ ስምሽን እጠራለሁ። ሽማግሌው አበደ ይበሉ፤ ያ መንገድ ሣር አይበቅልበትም። አፌ እንቢ ቢል እጄ አለ። እጄ እንቢ ቢል ሲሚንቶው ጋ ወስዳችሁ ጣቴን ፊደሉ ላይ አሳርፉልኝ ብዬ ለስንዱ ተናግሬያለሁ።

የደብዳቤውን መጀመሪያ አላስተካክለውም፤ እንደጎደለ ይቅር። የጎደለውን እዚህ ታች ጽፌዋለሁ።

ይድረስ ለአሰለፈች።