ጥገናዊ ለውጥ ስለተደረገበት መድኃኒት

ለተከበሩ ጓድ ቢሆነኝ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ደብረ ታቦር

የከበረ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። የልጄ ጤና በእርስዎ ፊርማ ከተያዘ ወዲህ የእርስዎን ሳልመኝ የምውልበት ቀን የለም። በክሊኒኩ ቁስል አጣቢ ድሬሰርነቴ የሚያውቁኝ ሁሉ እንዲያነቡት ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን በይቅርታ ይመልከቱልኝ።

አንደኛ፤ በፋኖስ የተቃጠለው የልጄ የዘነበች እግር አረንጓዴ መግል ከያዘ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ፔኒሲሊኑ አልመለሰውም። ጎንደር ያሉ አንድ ሐኪም ሌላ መድኃኒት አስቀምጠውልኛል። ከአጭር የፕሮቲን ሰንሰለት የተሠራ፣ ተሐዋስያንን የሚገድል ነው፤ የቀድሞው ዓይነቱ ኩላሊትንም ይጎዳ ስለነበር አንዳንድ ቦታውን በኬሚካል ለውጠው አለዝበውታል። ይህንኑ፣ ጎንደር ሄጄ እንዳመጣው በጠየቅሁበት የይለፍ ወረቀት ማመልከቻዬ ላይ ሳስረዳ፣ ቃል ያሳመርኩ መስሎኝ «ጥገናዊ ለውጥ የተደረገበት መድኃኒት» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛ፤ ቃሏን በስብሰባ ፊት ሦስት ጊዜ አንብበው፣ «ጥገናዊ ለውጥ የአብዮት ጠላት ነው፤ መድኃኒቱም ከሥር መሠረቱ ይለወጥ!» ስላሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሐኪሙ እንደነገሩኝ ግን ሰንሰለቱ ከሥር መሠረቱ ከተለወጠ መርዙም መድኃኒትነቱም አብሮ ይጠፋል፤ ብልሃቱ የቱን ነክቶ የቱን መተው እንደሚገባ ማወቅ ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት ለቀበሌ ሥራ እንደማያስፈልግ አሁን ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ግለ ሂስ ሳላደርግ ከከተማው እንዳልወጣ ስለወሰኑ፣ እነሆ አደረግሁ። አምና ባለቤቴ ደሳለች በእንዲህ ያለ ቁስል ስትታመም፣ እጄ የለመደውን ፔኒሲሊን አሥራ ስምንት ቀን ወጋኋት። አልሠራም ብሎ ማመን ሽንፈት መሰለኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀበርናት፤ እስካሁን ይህን ያወቁት የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ። ከዚህ የከበደ ጥፋት ካገኙብኝ ይጨምሩበትና ይፈርሙልኝ፤ አውቶቡሱ ሐሙስ ጧት ይነሣል፣ ልጅቱ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ትቆይልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከቀበሌዎ ወሰን አንዲት ስንዝር ሳልወጣ ፊርማዎን በአክብሮት የምጠብቅ፣

ደምሴ ካሳው
የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ እንዳልኮበልል ዋስ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ልጄን መንገዱን ስለማትችለው እዚሁ አልጋዋ ላይ ትቼ ነው የምሄደው። ካልፈረሙ ደግሞ ሐሙስ ብቅ ብለው ምክንያቱን ለእርሷው ያስረዱልኝ። እንደ አስተዳደጓ «ኖር» ብላ ልትነሣልዎ ትታገላለችና፣ ፈጥነው «በእግዚአብሔር» ይበሏት። ቃሉን ረስተውት ከሆነ እኔ አጠገብዎ ቆሜ አስታውስዎታለሁ።