ከበሩ ወደ ቀኝ

ረቡዕ

ወደ ቀኝ ታጠፉ። አባባን የመስጊዱን መንገድ ማለማመድ ከጀመርኩ አራተኛ ሳምንቴ ነው። እስካለፈው ሳምንት ድረስ አባባ ከዚህ ከቡራዩ ቤቴ በወጡ ቁጥር ወደ ግራ ነበር የሚታጠፉት። ሱሉልታ ሱቅ በነበራቸው ጊዜ መስጊዱ በግራ ነበር፤ እዚህ ግን በቀኝ ነው።

ከአንጎል ኢንፌክሽኑ ወዲህ አዲስ ነገር አይዙም። ቁርስ በልተው ቁርስ ይጠይቃሉ። ሐኪሙ በምርመራው ምስል ላይ ያሳየኝ ሂፖካምፐስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ነው፤ በሁለቱም በኩል ተጎድቷል። እኔው ራሴ ለአሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረው ነገር ነው። እዚያ ያሉት ነርቮች እርስ በርስ እየተያያዙ የዛሬውን ውሎ ይይዛሉ፣ የሰፈሩን ካርታ ይሥላሉ። የጥንቱ ትዝታ ግን በአብዛኛው ሌላ ቦታ ተቀምጧል። የእግር ልማድም እንደዚሁ።

ስለዚህ በየቀኑ ለቀትሩ ለዙሁር ሶላት በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ፣ ሳልናገር ከኋላቸው እሄዳለሁ። ሊሳሳቱ ሲሉ ቀድሜ ክንዳቸውን እይዛለሁ፤ ስህተትም ልማድ ይሆናል።

ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ቀን ቤት ሰው አይኖርም። ወንድሜ ጀማል ከሰበታ ደውሎ፣ እሑድ ጓጉንቸር ይዤ እመጣለሁ፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል አለኝ። ተናደድኩ። እስከ እሑድ ብቻቸውን ሄደው መመለስ አለባቸው።

ሐሙስ

ዛሬ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀረሁ። እስከ ጎረቤታችን እስከ ኦቦ ቶሎሳ አጥር ድረስ ደህና ነበሩ። ኦቦ ቶሎሳ እንደ ወትሮው ከድንጋያቸው ተነሱ። "አካም ጂርቱ፣ ሐጂ?" እጅ ጨበጡ፣ ትከሻ ገጠሙ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። አባባ በኦሮምኛ አንድም ሳያጎድሉ መለሱ። ሰላምታው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ወደ ቤት ዞሯል። ቆሙ። ወዴት ይሄዱ እንደነበር አያውቁም።

ካርታ ያለው ሰው ከመሃል ይቀጥላል። ልማድ ብቻ ያለው ከበሩ መጀመር አለበት። ይዣቸው ተመለስኩ።

ዓርብ

ለጁምዓ ሰው ይበዛል፣ አብሬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ። ይህ እንዴት ይባላል? "አባቴን ሰላም አይበሉብኝ" አልኩ። ከድንጋያቸው ተነሱ።

"በደጄ የሚያልፍ ሰው አይቼ ዝም ልበል?"

ሰላምታው መንገዱን እንደሚያስረሳቸው አስረዳሁ። እሺም እምቢም ሳይሉ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅዳሜ

ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። አባባ አለፉ፣ መስጊድ ደረሱ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ሰግደው ሲመለሱም አልተሳሳቱም። መቶ እርምጃ ርቄ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳን ላመሰግን ገባሁ። "አይቼ ዝም ከምል፣ ባላይ ይሻላል ብዬ ነው" አሉ። በአጥሩ ክፍተት ግን ባርኔጣቸውን አይቼዋለሁ።

እሑድ

ጀማል ጓጉንቸሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አባባ ብቻቸውን ወጡ። ሊከተላቸው ሲል እጁን ያዝኩት። ሽንኩርት ከተፍኩ። አንዱኑ ሰሐን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ፈርቼ ነበር።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ጫማቸው ጭቃ ነክቶታል። ጀማል ብድግ አለ።

"የት ነበሩ፣ አባባ?"

"እኔ? የትም። ዙሁር ደረሰ እንዴ?"

መልስ ሳይጠብቁ ተመልሰው ወጡ፤ ከበሩም ወደ ቀኝ ታጠፉ። ጀማል ጓጉንቸሩን አንስቶ ወደ ሰበታ ሊመልሰው ኪሱ ከተተው።