ግራጫ የቀረው ቀበሌ

ውድ አንሙት፣

ባሕር ዳር ከተዛወርክ ወዲህ ስልክህን የማላነሳው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እንደ ልማዴ አምንሃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

ደብረ ማርቆስ ቢሮ አብረን የሠራነውን የውሃ ካርታ አትረሳውም። እኔ በየቀበሌው እየዞርኩ የምንጩንና የጉድጓዱን ሁኔታ መዘገብኩ፤ አንተ ሠንጠረዡን ኢንተርኔት ላይ ካለው ካርታ ጋር አገናኘህ። ካርታው በራሱ ምንም አያውቅም። የቀበሌውን ስም ይዞ ሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካገኘው እንደ ችግሩ መጠን ቀይ ወይም ቢጫ ይቀባዋል። ስሙ በአንዲት ፊደል ከተለየበት ግን ግራጫ አድርጎ ያልፈዋል።

የጉድጓድ ቁፋሮው ለየትኛው ቀበሌ ይድረስ ተብሎ ስትሰበሰቡ እኔ ሉማሜ መስክ ላይ ነበርኩ። የነገረችኝ ጸሐፊያችን ብዙዬ ናት።

«አንቺዬ፣ የእናትሽ ቀበሌ ታለፈ እኮ! አለቃችን ‘ይሄ ግራጫው ምንድን ነው?’ ቢለው፣ አንሙት ‘ገና ያልተጠና ነው’ ብሎት ቁጭ አለ።»

ያልተጠና! እኔው በእግሬ ያጠናሁት፣ እናቴ ጉልበቷን እያመማት ወንዝ የምትወርድበት ቀበሌ! ቁፋሮው የሄደው አንተ ወደተወለድክበት ነው።

መጀመሪያ ስህተት ነው ብዬ ተከራከርኩልህ። ከዚያ ሠንጠረዡን ከፈትኩት። እኔ ካርታው ላይ እንዳለው «ኪዳነ ምህረት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንተ «ኪዳነ ምሕረት» አድርገኸዋል። ሳቄ መጣ። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ይህን አይቶ አያልፍም አልኩ። እንኳን ለኪዳነ ምህረት አደረሰህ ብዬ በስልክ ብጽፍልህ፣ አሜን ከማለትህ በፊት «በሐመሩ ሐ ነው» ብለህ የመለስክልኝ አንተ አይደለህ? ልቤ ሊያርፍ ነበር።

ግን ዓይኔ ወረድ አለ። ያንተ ቀበሌ ካርታውም ሠንጠረዡም ላይ «ደብረ ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ቃል ሁለት ስህተት፣ ያውም በተወለድክበት አገር ስም! እሱን አልነካኸውም። ፊደሉ ራሱ ፀሐዩ ፀ እየተባለ የሚጠራውን እንዴት አላየኸውም? ወይስ እሱን ብታርመው የእናንተም ግራጫ እንደሚሆን ታውቅ ነበር? ከዚያን ቀን ጀምሮ ያልከኝን ሁሉ እያገላበጥኩ ነው። ዝውውርህ ራሱ ለምን እንደዚያ እንደተቻኮለ አልገባ ብሎኛል።

ፊደሏን ወደነበረችበት መለስኳት። ቀበሌያችን ደም መስሎ ቀላ፤ ቁፋሮው ግን አምልጦናል።

ሽማግሌዎችህ እሁድ እናቴ ቤት እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። እሷ ደስ ብሏት ቤቱን እያሰናዳች ነው፤ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም። እወድሃለሁ አንሙት፣ እሱን ልደብቅህ አልችልም። እየጠረጠርኩህ ግን አላገባህም።

ሽማግሌዎቹን አስቀራቸውና አንተው ና። ወጉ አይደለም ትለኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ። ጀሪካኑን ይዘህ ከእማዬ ጋር ወንዝ ውረድ። ዳገቱን ስትወጡ ያችን ፊደል ለምን እንደለወጥክ፣ ያቺኛዋን ለምን እንደተውክ ለእሷ ንገራት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ በሐመሩና በሃሌታው አታታልላትም። እሷ ካመነችህ አገባሃለሁ።

እስከ እሁድ ድረስ ያንተ፣
የብርጓል