የአያ አስማረ የጠዋት ሲጋራ

ጥቅምት 4
ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ። የአያ አስማረ የሲጋራ ፓኮ ዛሬ ጠዋት በእማዬ እጅ ሽንት ቤት ገብቶ ማረፉን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ውስጡ አሥራ አንድ ነፍስ ነበረ። ለቅሶ መድረስ ክልክል ነው።

አያ አስማረ የእማዬ ወንድም ነው። ከኮላ ድባ መጥቶ ቁስቋም እኛ ቤት አርፏል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ አራተኛ ቀኑ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ዓይናዲስ "ሲውጥ ዓይንህ እያየ፣ ካርዱ ላይ ምልክት አድርግ" ብላኛለች። ስምንተኛን ሁለቴ የወደቅሁ ሐኪም...

ጥቅምት 7
አልውጥም አለ።
"ያቅለሸልሸኛል። እናትህ የጣለችውን ተካልኝና እውጣለሁ።"
"አያ፣ ሐኪም ጉቦ ይበላል እንጂ ይሰጣል?"
ሳቀ። ሳሉ ቀደመው። ከሱቅ አንድ ሲጋራ ገዛሁለት። ዋጠ። "ምላስህን አንሣ" አልኩት፣ እንደ ፈታሽ ፖሊስ። ከአጥሩ ጀርባ ሄዶ አጨሰ። ምን ችግር አለው? መድኃኒቱን ውጧል።

ኅዳር 12
በየጠዋቱ እንዲሁ። እማዬ ጭስ ሸተተኝ ስትል "የጎረቤት ማገዶ ነው" እላለሁ። ዛሬ ጎረቤት ሄዳ ልትቆጣ ተነሣች። በስንት መከራ መለስኳት።

ታኅሣሥ 3
ሁለት ወር ሞላው። አክታው ተመረመረ። ሲስተር ወረቀቱን ደጋግማ አየች።
"ጀርሙ አሁንም አለ። ኪኒን ዘሎ ያውቃል?"
"አንድም ቀን።" እውነቴን ነው።
"ሲጋራውንስ ትቷል?"
አያ ጫማውን ያያል። "ሽታውንም አይወድ" አልኩ። ምነው እንዲህ አልኩ?
"የሚያጨስ ሰው ጀርሙ ቶሎ አይጠፋለትም። ለዚህ ነው የምጠይቀው።"
ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶት እንዳይሆን ሌላ ምርመራ አዘዘች። አክታህ እስኪጠራ ሰው መሀል አትግባ አለችው።

የአያ ልጅ የጽጌሬዳ ሠርግ ጥር 17 ነው። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "ታዲያ ማን ይመርቃታል?"

ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ በዚህ እጄ...

ታኅሣሥ 4
ዋጠ። እጁን አልዘረጋም። እኔም አልገዛሁም። ከሰዓት የት እንደሄደ አልነገረኝም።

ታኅሣሥ 5
ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ።
"ሲስተር፣ ዋሽቼሻለሁ።"
"ትናንት መጥቶ ነግሮኛል። 'ልጁን አትቆጪው፣ ያባለግሁት እኔ ነኝ' አለኝ። አንተስ?"
እኔማ... እሱን አትቆጪው ልላት ነበር የሄድኩት። ሳቀች። ከዚያ መሳቁን ተወች። "በሳንባ አይቀለድም" አለች። "እሺ" ብቻ ብዬ ወጣሁ። እኔ!

ታኅሣሥ 14
ጀርሙ መድኃኒቱን አልለመደም። ተመስገን። አያ ያለ ሲጋራ አሥራ አንደኛ ቀኑ፤ ከዶሮው ጋር ሳይቀር ይጣላል። ጉቦው አሁን የሽምብራ ቆሎ ነው።

ጥር 4
አክታው ጠራ። ሲስተር የነገረችንን አራት ጊዜ አስደገመኝ።

ጥር 17
ኮላ ድባ። አያ ጽጌሬዳን መረቃት፣ ግንባሯን ሳማት። እኔ ወደ ሌላ አየሁ። መድኃኒቱ ገና ሁለት ወር ተኩል ይቀረዋል። ካርዱ ኪሴ ነው። ዳስ ሳይገባ አስውጬዋለሁ፤ ምላስህን አንሣ አላልኩትም። አንዱ እንግዳ ሲጋራ ሲዘረጋለት "ሐኪሜ አይፈቅድም" ብሎ ወደኔ ጠቆመ። ሰው ሁሉ ቀልድ መሰለው።

በጥልቅ ሐዘን የጀመርኩት ጉድ እንግዲህ ይኸው ነው። በጠዋት አንዲት ሲጋራ። ጣት የማታክል ተራ ነገር... እሷው ናት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣችኝ።